እማማ፣ ይነሱ እንጂ!

ቲክቶክ ላይ አንድ እግራቸውን አንስተው ሰከንድ የሚቆጥሩ ሰዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ጥርሱን እየቦረሸ ይሞክረዋል፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲንገዳገድ ሶፋው ላይ ይወድቃል፤ እኛም ስቀን ወደሚቀጥለው ቪዲዮ እናልፋለን። ከቀልዱ ጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። የብራዚል ተመራማሪዎች ሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆኑ 1,702 ሰዎች ለ10 ሰከንድ በአንድ እግራቸው እንዲቆሙ ተጠይቀው ነበር። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል አቃተው። ሰዎቹን ለዓመታት ሲከታተሏቸው፣ በሞት የተለዩት ካቃታቸው ወገን በዝተው ተገኙ። በአንድ እግሩ መቆም ያቃተው ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ካቃታቸው መካከል ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ሌላ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ሚዛን ስለ ሰውነታችን ብዙ ይናገራል ማለት ነው፣ በቃ።

እናንተ 10 ሰከንዱን ስልክ እየነካካችሁም ትቆሙታላችሁ። የዛሬው ጨዋታ ግን ስለ እናንተ ሳይሆን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አያታችሁ ነው። በተለይ ደግሞ አያታችሁ ያሉት እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አገር ከሆነ።

ደሃናን እንውሰድ። አምደወርቅ ዋና ከተማዋ የሆነችው ይህች ወረዳ ከሰቆጣ ጋር የምትጎራበት ተራራማ አገር ናት። አንዱን ዳገት ወጥታችሁ ተገላገልን ስትሉ ቁልቁለቱ ከፊታችሁ ይጠብቃችኋል። ውሃው ታች ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነው፣ ገበያው ደግሞ ከሁለቱም ማዶ። መንገዱ ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይጨመርበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሚዛን የዕለት እንጀራ ነው። ሜዳ ላይ፣ አስፋልት ላይ፣ ሊፍት ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ጉልበቱ ትንሽ ቢከዳው ግድግዳ ይደገፋል። ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት የምትወርድ እናት ግን የምትደገፈው ነገር የለም።

አማርኛችን ይህን ከድሮ ጀምሮ ያወቀው ይመስለኛል። «ጉልበት» የሚለው ቃል የእግሩም አንጓ ስም ነው፣ የብርታትም ስም ነው። «ጉልበቴ ከዳኝ» ያለች ሴት የትኛውን ማለቷ ነው? ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው።

እንግዲህ ሕመሙ ራሱ ምንድን ነው? ሰፈር ውስጥ ሦስት ስም አለው፤ «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው»። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ ሸፍኖ እንዲንሸራተቱ የሚያደርገው ካርቲሌጅ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይለወጣል፤ አንጓው አንዳንዴ ያብጣል፤ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይደክማል። ጠዋት ሲነሱ ይገትራል፤ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ይፈታል። ቁልቁለትና ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት ደግሞ ያስለቅሳል። ብርዱ ሕመሙን ሊያብሰው ይችል ይሆናል እንጂ በሽታው ከብርድ አይመጣም። ሪህም ሌላ በሽታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረባቸው። ከእነዚህ 365 ሚሊዮኑ ጉልበታቸውን ነው የታመሙት። ከመቶ 60ው ሴቶች ናቸው። የኛ አገር እናቶች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጢጥ ብለው ያበስላሉ፣ ተንበርክከው ይፈጫሉ፣ ጭነት አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ለረጅም ዓመታት ቁጢጥ ማለትና ከባድ መሸከም ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጉልበት ሲታመም የሚጎዳው ማጠፊያነቱ ብቻ አይደለም፤ ዜና አቀባይነቱም ይጎዳል። ቆመን የማንወድቀው አንጎላችን ከሦስት ቦታ ወሬ ስለሚደርሰው ነው፤ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ። ጉልበት ውስጥና ዙሪያ ያሉ ጥቃቅን የስሜት ጫፎች «አሁን ታጥፌያለሁ፣ አሁን ተዘርግቻለሁ፣ ወደ ግራ እያጋደልኩ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ ይዘግባሉ። የታመመ ጉልበት ዘገባው ይዛባል። በዚያ ላይ ሕመሙና እብጠቱ ከፊት ያለውን ትልቁን የጭን ጡንቻ «አትሥራ» ብለው ያስቆሙታል፤ ሰውየው ሰንፎ አይደለም፣ ነርቩ ራሱ ነው ትእዛዙን የሚያዳክመው። ስለዚህ እግር ድንጋይ ሲመታ ጡንቻው ለመያዝ ይዘገያል። ጉልበት በድንገት ክድት ይላል። ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ የሚወድቁት አንዱም ለዚህ ነው።

መውደቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የዳሌ አጥንት የተሰበረ አረጋዊ ቀዶ ሕክምና ካለበት ከተማ ርቆ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሐኪም ሳይሆን ቃሬዛና ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። እንወዳቸዋለንና እናስቀምጣቸዋለን። «እማማ አይነሱ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» «አባባ አረፍ ይበሉ፣ አሁን የእርስዎ ሥራ መመረቅ ነው።» ታላቅን ቁጭ አድርጎ ማገልገል ባህላችን ነው፤ ደግ ባህል ነው። ጉልበት ግን አክብሮት አይገባውም። የማይሠራ የጭን ጡንቻ ይመነምናል፤ የመነመነ ጡንቻ አንጓውን መያዝ ያቅተዋል፤ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ይበልጥ እናስቀምጣቸዋለን። መጀመሪያ ገበያ ይቀራል፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት፣ ቀጥሎ ማኅበሩ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ። ከሕመሙ በላይ የሚጎዳቸው ይሄ መቅረት ይመስለኛል።

«የደሃና ሰው እኮ ሲወለድ ጀምሮ ዳገት ይወጣል፤ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ እየተራመደ እስካለ ድረስ አያስፈልገው ይሆናል። የሴፍቲኔት እርከን ሲሠራ ለዋለ ሰው ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም ላስተምርህ ማለት ድፍረት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጉልበቱ ታሞ መራመዱን የተወ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ዳገቱ ከበደው፣ ቤት መቀመጡ ደግሞ ጎዳው። ከሁለቱ መሃል ያለችው ነገር ናት የምትፈለገው፤ ከዳገት የቀለለች፣ ከመቀመጥ የከበደች።

በሌላው ዓለም ያች የመሃሏ ነገር ስም ወጥቶላት ሥርዓት ይዛለች። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስን በተመለከተ የወጡ የሕክምና መመሪያዎች ከክኒኑም ከቀዶ ሕክምናውም በፊት የሚያስቀምጡት ሰውነትን ማሠራት ነው። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው «ግላድ» የተሰኘ ፕሮግራም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ያሠራል፤ ዋናው ትኩረቱም ጡንቻን ማፈርጠም ሳይሆን እግርን በልኩ ማሳረፍ፣ ጉልበትን ከእግር ጣት ጋር አቅንቶ መያዝ፣ ሳይንገዳገዱ መነሳትና መቀመጥ ነው። ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ቻይናም ተሻግሯል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው እንቅስቃሴን አጥብቆ ይመክራል፤ የሚዛን ልምምድን ደግሞ ላላ አድርጎ። ላላ ያደረገው ሚዛን ብቻውን ምን ያህል እንደሚረዳ የሚያሳየው ማስረጃ ከእንቅስቃሴው በአጠቃላይ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «በሰባት ቀን ጉልበትህን የሚያድን የሚዛን ልምምድ» የሚል ካያችሁ እለፉት። ሚዛን ጡንቻ ከማጠንከርና ከመራመድ ጋር ሲቀላቀል ነው የሚጠቅመው። ያለቀ ካርቲሌጅ መልሶ አያበቅልም፤ ሰውየው ግን ሕመሙ ቀንሶለት፣ ሳይወድቅ ሊኖር ይችላል።

በሉ እንግዲህ፣ ለዚህ ጂም አያስፈልግም። የገጠር ቤት መደብ አለው፣ ምሰሶ አለው፣ ግድግዳ አለው። ሦስቱ ይበቃሉ። የናንተ ሥራ አጠገብ መቆምና በስልካችሁ ሰዓት መያዝ ነው።

መጀመሪያ መነሳትና መቀመጥ። መደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉት። እማማ ጫፉ ላይ ይቀመጡ፤ እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ይክፈቱ፤ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው በዝግታ ይነሱ። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይጣመም ተመልከቱ፤ የእግር ጣታቸው ወደሚያይበት ይይ። ከዚያ በዝግታ ይቀመጡ፤ ዘጭ ማለት አይሠራም። ጡንቻው ቀስ ብለው ሲቀመጡም ይሠራል፤ ቁልቁለት ላይ የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ሰውነትን ቀስ አድርጎ የማውረድ አቅም ነው። መጀመሪያ በእጃቸው መደቡን ይግፉ፤ ሲበረቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ። አምስት ጊዜ ከቻሉ ጥሩ ጅምር ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት መጨመር ይቻላል።

ቀጥሎ ምሰሶውን ይያዙና ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ይህን የቤተ ክርስቲያን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ በረጅም ቅዳሴ መቋሚያ ተደግፎ እግር እያቀያየሩ መቆም ሌላ ምንድን ነው? ይህ ሲቀል አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድመው፣ ተረከዝ ከጣት አስጠግተው ይቁሙ። እሱም ሲቀል በአንድ እግር። የቲክቶኩ ፈተና እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፤ ግን ምሰሶ ተይዞ። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ከሳምንታት በኋላ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በአንድ ጣት። ዓይን ጨፍኖ መሞከር አያስፈልግም። እናንተ ከጎን ሁኑ፤ ከፊት ሆናችሁ ቪዲዮ መቅረጹ ይቅር፤ ሰው ሲንገዳገድ ስልክ የያዘ እጅ አይደርስም።

በመጨረሻ መራመድ። ግድግዳውን በእጅ እየነኩ ወደ ጎን መሄድ፣ ቀጥሎ መስመር ላይ እንደሚሄዱ ሆነው ተረከዝ ከጣት እያስከተሉ መሄድ። በር ላይ ያለችው ዝቅተኛ ደፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መውጣትና መውረድም ልምምድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ለውጥ ለማየት ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልጠቀመኝም» ቢሏችሁ አትደንግጡ።

«ያማቸዋል እኮ!» ትላላችሁ። አዎ፣ ትንሽ ያማቸዋል። ፊዚዮቴራፒስቶች ሕመምን ከ0 እስከ 10 ያስቆጥራሉ፤ እስከ 5 ድረስ ያለውን ይፈቅዱታል። ቁጥሩ ለአያታችሁ ግልጽ ካልሆነ አሥር ጣታችሁን ዘርጉላቸው። ሕመሙ ከአንድ እጅ ጣቶች ካለፈ ይቀነስ። ሌላው መለኪያ ማግሥቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው፣ ጉልበቱ አብጦ ካደረ ግን በዝቷል። ሕመም ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ለመንደራችን ሰው ይህን ማስረዳት ከልምምዱ ራሱ ይከብዳል።

አሁን ወደ ዱላው። ደጋ ላይ ዱላ የሌለው ወንድ ማግኘት ይከብዳል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትከሻ ላይ ነው የሚውለው። ሴቶቹ ደግሞ «ገና ምኔ አረጀ» ብለው አይዙም፤ ወይ ሸክሙ እጃቸውን ይዞታል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ዱላ የእርጅና ምልክት ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ ያው የአሜሪካው መመሪያም አጥብቆ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው በተሳሳተ እጅ ይይዘዋል። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ዱላው በግራ እጅ ነው። የታመመው እግርና ዱላው አብረው መሬት ይነካሉ፤ እንዲህ ሲሆን ሸክሙ ለሁለት ይካፈላል። ዳገት ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደግሞ ዱላውና የታመመው እግር። ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ ሰው የእጅ አንጓ ድረስ የሚደርስ ከዘራ ይስማማል፤ ለገደላማ መንገድ ግን ረዘም ያለው የአገራችን ዱላ ምንም አይወጣለትም።

ስግደትም አለ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሙሉ በሙሉ አጥፎ መሬት መድረስና መነሳት ከባድ ነው፤ ብዙ እናቶች ግን ሕመሙን ዋጥ አድርገው ይሰግዳሉ። ይህን ሐኪምም ጋዜጠኛም «ተዉ» ሊላቸው አይገባም። የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ ግን ለእኛ አይሆንም። «ክብደት ቀንሱ» የሚለው አንዱ ነው። ወፍራም ለሆነ የከተማ ሰው እውነት ነው፤ በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል እንደሚያቃልል አሳይቷል። በየጊዜው ድርቅ ለሚያየው የዋግ ሰው ግን፣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ስሟን ለተሸከመችው ለዚያች አገር፣ «ክብደት ቀንሱ» ማለት ስላቅ ነው። እዚያ መቀነስ ያለበት ጀርባ ላይ ያለው ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በሁለት ትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ሁለት ጊዜ ቢመጣ፣ ወይም በአህያ ቢጫን፣ ወይም (ይሄ ለእናንተ ነው) የ20 ዓመት ወጣት ቢያዝለው ጉልበቱ ያመሰግናል። «አይነሱ» ማለትን ለጀሪካኑ አቆዩት።

ክኒን ላይ ረጅም አልሄድም። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲዋጡ ግን ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ክኒን ከመላክ በፊት ይህን አስቡ።

ልምምድ የማይጀመርበት ጊዜም አለ። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ካለ፤ ከወደቁ በኋላ እግራቸው አልረግጥ ካለ፤ ባታቸው በአንድ በኩል ካበጠ፤ ማዞር ካለባቸው ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ወደ ሐኪም ነው። ወጌሻ ጋ ለመታሸት መሄድ የለመደ ብዙ ነው፤ እነዚህ ምልክቶች ካሉ ግን መታሸት ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ካስፈለገ ሰቆጣ ያለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያስመርቃል፤ ይሁንና ባለሙያው ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ገጠር እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው ለቤቱ የሚቀርቡት። የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና በር ለበር እየሄዱ እንዳስተማሩ፣ አምስት ጊዜ ከመደብ መነሳትንም ማስተማር የሚችሉ ይመስለኛል። የሚያስፈልጋቸው የአንድ ቀን ሥልጠናና አንድ ወረቀት ሥዕል ነው።

ሌሊቱን አትርሱት። ሽንት ለመሽናት በጨለማ ወደ ውጭ መውጣት፣ ደፉ፣ የበሩ ድንጋይ፣ እርጥቡ ጓሮ አንድ ላይ ሲሆኑ ለመውደቅ ይመቻሉ። በጨለማ ዓይን ወሬ አያቀብልም፤ የሚቀረው ዘገባ ከውስጠኛው ጆሮና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ደግሞ የታመመው ጉልበት ነው። አዲስ ስልክ ስትገዙ አሮጌዋን ባለ ባትሪ ስልክ ለአያታችሁ ላኩላቸው፤ ባትሪዋን እንዴት እንደሚያበሩ በእጃቸው አስይዛችሁ አሳዩዋቸው። አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ የኮንጎ ጫማቸውን ገልብጡና ሶሉን እዩት። ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ከሆነ፣ ከስኳሩና ከቡናው በፊት የሚገዛው እሱ ነው።